የመኪና ትራከር ስሠራ የገባኝ፦ ፓወርና አንቴና ይቀድማሉ

ሰሞኑን ለአጎቴ የጭነት መኪና ጂፒኤስ ትራከር እየሠራሁ ነው። ኮዱ ብዙም አላስቸገረኝም። ጊዜዬን የበላው ሃርድዌሩ ነው። ተመሳሳይ ነገር ለጀመራችሁ ይጠቅማል ብዬ እስካሁን ያየሁትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ቦርድ ላይ ያሉት ኮዱን የሚያስኬደው ኢኤስፒ 32 (ማይክሮኮንትሮለር)፣ ለኔትወርክ ሲም 800 ኤል፣ ለቦታ ደግሞ ኒዮ 6 ኤም ናቸው። ለመማሪያ ከዚህ የተሻለ ጥምረት አላየሁም። ሁሉም ለየብቻው ስለሆነ የቱ ምን እንደሚሠራ በግልጽ ይታያል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ፓወር ላይ ነው። ሲም 800 ኤል የሚፈልገው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው። 5 ቮልት ይበዛበታል፣ 3.3 ያንሰዋል። ዳታ ሲልክ ደግሞ እስከ 2 አምፔር ይስባል፤ ግን ባለማቋረጥ አይደለም። 2ጂ ጊዜን እየከፋፈለ ስለሚሠራ በየ4.6 ሚሊሰከንዱ ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። መልቲሜትር አማካዩን ስለሚያነብ "ሁሉም ሰላም ነው" ይላችኋል። ኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጅ በቅጽበት ሲለዋወጥ በግራፍ የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ግን ቮልቴጁ በየ4.6 ሚሊሰከንዱ ዝቅ ሲል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከ3.4 በታች ከወረደ ሞጁሉ ይጠፋል። ቀጭን የጃምፐር ሽቦ ብቻውን ቮልቴጁን እንዲህ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ ሽቦው አጭርና ወፈር ያለ ይሁን፤ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ቻርጅ አጠራቅሞ በቅጽበት የሚሰጥ) ደግሞ ሞጁሉ አጠገብ ሶልደር አድርጉ።

መኪናው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የአጎቴ ባለ 24 ቮልት ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ወደ 28 ይጠጋል። ቮልቴጁን የሚቀንሰው ሬጉሌተር፣ ኤልኤም 2596፣ እስከ 40 ቮልት ስለሚችል የሚበቃ ይመስላል። ግን ዳይናሞው ቻርጅ እያደረገ የባትሪው ገመድ ቢላቀቅ ቮልቴጁ ለአፍታ ከዚያ በላይ ይወነጨፋል። መግቢያው ላይ ፊውዝና ቲቪኤስ ዳዮድ (ድንገት የሚወነጨፍ ቮልቴጅን የሚገታ) የግድ ነው። በዚህ ላይ ሳንቲም መቆጠብ አልደግፍም።

አሁን ጂፒኤሱ። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ሲግናል ከሪሲቨሩ የራሱ ጫጫታ (ኖይዝ) በታች የሆነ፣ ከዜሮ በታች ወደ 130 ዴሲቤል ሚሊዋት (የሲግናል ጉልበት መለኪያ) ነው። እዚያው ቦርድ ላይ ያለው ሲም 800 ኤል ደግሞ እስከ 2 ዋት ያስተላልፋል። ልዩነቱ ከ160 ዴሲቤል በላይ ነው! ስለዚህ ሁለቱን አንቴናዎች አራርቁ። የጂፒኤሱ ሴራሚክ አንቴና ፊቱ ወደ ሰማይ ይሁን፣ ከላዩ ብረት አይኑር። ዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ከሆነ ከሥሩ መደበቅ ይቻላል።

የጂፒኤሱ ሪሲቨር (ኒዮ 6 ኤም) ከሚልካቸው የጽሑፍ መስመሮች ጂፒአርኤምሲ የሚለውን እዩ። ሁኔታው "ኤ" ከሆነ ቦታው ታውቋል፣ "ቪ" ከሆነ ገና ነው። መስቀል አደባባይ አካባቢ ሆናችሁ ኬክሮሱን (ላቲትዩድ) 0900.6300 ብሎ ብታነቡ 9 ዲግሪና 0.63 ደቂቃ ማለት ነው። ደቂቃውን ለ60 አካፍሉት፣ 9.0105 ይመጣል። ሳታካፍሉ ካርታ ላይ ከጣላችሁት መኪናው ሌላ ሰፈር ይገኛል።

የአጎቴ መንገድ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን፣ በአባይ በረሃ በኩል ነው። ገደሉ ውስጥ የስልክ ሲግናል ሲቆራረጥ ጂፒኤሱ ሥራውን ይቀጥላል። ዳታው እንዳይጠፋ 4 ሜጋባይት ፍላሽ ሚሞሪ ጨመርኩ። አንዱ መዝገብ 32 ባይት ነው፤ በየ30 ሰከንዱ ቢጻፍ ከ45 ቀን በላይ ይይዛል። ኔትወርክ ሲመለስ የተጠራቀመውን በተራ ይልካል። ከጨመርኳቸው ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ነው።

አንድ የሚገርም ነገር፦ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አየኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው የአየር ንብርብር) ይረበሽና የሳተላይት ሲግናል ይዋዥቃል፤ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም። ማታ ላይ ቦታው ትንሽ ቢዘል ቶሎ አንቴናውን አትጠርጥሩ።

ቀጣዩ ቦርድ በሲም 7600 ነው፤ 4ጂውም ጂፒኤሱም አንድ ላይ ናቸው። ለፍጥነቱ ብዬ አይደለም፤ ትራከር የሚልከው ጥቂት መቶ ባይት ነው። የሚያሳስበኝ መኪናው ቆሞ ሲያድር የሚበላው ከረንት ነው። ኢኤስፒ 32 ብቻውን በጥልቅ እንቅልፍ ወደ 10 ማይክሮአምፔር ይወርዳል፤ የቦርዱ ሬጉሌተርና ኤልኢዲ ግን ከዚያ እጥፍ ድርብ ይበላሉ። እነሱን አውጥቼ፣ መኪናው ሲነቃነቅ ብቻ በአክስለሮሜትር (እንቅስቃሴ በሚለይ ሴንሰር) እንዲነቃ እያደረግኩ ነው። ሲም 7600ን በእንቅልፍ ላይ የለካችሁ ካላችሁ ቁጥሩን ወዲህ በሉኝ።