ሊናገር ነበር

በአዲስ አበባ በአንድ የሕፃናት ማቆያ በመምህርነት ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እናት 2 ዓመት ከ4 ወር የሆነው ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ “እማ”፣ “እምቢ” እና ውኃ ሲጠማው “ውዋ” ከማለት በቀር የሚናገረው ቃል አልነበረም። የሚባለውን ግን ይረዳል፤ “ጫማህን አምጣ” ሲሉት ሮጦ ያመጣል። የጆሮ ሐኪምም መርምሮት መስማቱ ደህና መሆኑን ነግሯታል። ንግግሩ የዘገየ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሁሉ ይህን ምርመራ እንድታስቀድሙ እለምናችኋለሁ፤ በደንብ የማይሰማን ልጅ መጫወቻ ብቻውን አያናግረውምና።

“ግዴለም፣ በጨዋታ አፉን እናስፈታዋለን” አልኋት። በዚያ ሰሞን በስጦታ ከመጡልን መጫወቻዎች መካከል ቁልፉ ሲነካ ብልጭ ድርግም እያለ ቁጥርንና የእንስሳትን ስም በእንግሊዝኛ የሚጠራ የፕላስቲክ ባቡር ነበረ። እርሱንና ትንንሽ የእንስሳት ቅርጾችን ምንጣፉ ላይ ዘርግፌ ከልጁ ጋር ተቀመጥሁ። እናቱ አይታ ቤቷ እንድትቀጥልበት በማሰብም ረዳቴ በሞባይል ስልክ እንድትቀርጸን አደረግሁ።

ማታ እናቱ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ቪዲዮውን አብረን ተመለከትነው። ጥሩ አድርጌ የሠራሁ መስሎኝ ስለነበር በደስታ ነው ያሳየኋት። በቪዲዮው ላይ ያለማቋረጥ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነው፦ “ይሄ ምንድን ነው? ላም! ላም በል። ይሄስ? ቀለሙ ምንድን ነው? ቀይ በል እስቲ!” እኔ ትንፋሽ ስወስድ ደግሞ ባቡሩ ይዘምራል። እናቱ አንድ ቦታ ላይ ቪዲዮውን አስቆመችና “ቲቸር፣ እዚህ ጋ እኮ ሊናገር ነበር” አለችኝ።

መልሰን አየነው። ልጁ የላሟን ቅርጽ አንሥቶ ወደ እኔ ቀና ይላል፤ ከንፈሮቹን ግጥም አድርጎ “እም...” ሲል፣ እኔ “ላም! ላም በል!” ብዬ እቀድመዋለሁ። ሊል የነበረው “እምቧ” ነው። ልጁ ላሟን በድምፅዋ ሊጠራልኝ አፉን ሲያሰናዳ፣ እኔ ስሟን ካልነገርኸኝ ብዬ አቋረጥሁት። ማታውኑ ቤቴ ገብቼ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆጠርሁት። በስድስት ደቂቃ ውስጥ 43 ጥያቄ ጠይቄዋለሁ፤ ለመልስ የሰጠሁት ረጅሙ ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ልጁ አራት ጊዜ ሊናገር ሞክሯል፤ ሁለቱን እኔ፣ ሁለቱን ባቡሩ ቀድመነዋል። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በኋላ ሳነብ ያገኘሁት አንድ ጥናት ያየሁትን ነገር በግልጽ አስረዳኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመውና በአሜሪካ አሪዞና የተደረገው ይህ ጥናት፣ 26 ወላጆች ከ10 እስከ 16 ወር ከሆናቸው ልጆቻቸው ጋር በየቤታቸው ሲጫወቱ ድምፃቸውን ቀርጾ፣ በባትሪ በሚሠሩ ድምፅ አውጪ መጫወቻዎች፣ በተለመዱት ተገጣጣሚና ኩብ መሳይ መጫወቻዎች እንዲሁም በሥዕል መጻሕፍት ያለውን ንግግር አነጻጽሯል። መጫወቻው ራሱ ሲናገር ወላጆች ያወሩት ቃል አነሰ፤ ከልጁ ጋር የሚያደርጉት ቅብብልም ቀነሰ። ነገሩ አያስገርምም፤ ንግግር ተራ በተራ የሚደረግ ነገር ስለሆነ፣ ተናጋሪ መጫወቻ በመካከል ሲገባ የሚወስደው የልጁን ተራ ነው።

በማግስቱ ባቡሩን መደርደሪያው ላይ ሰቀልሁትና ከገበያ ትንሽ የሸክላ ጀበናና አራት ሲኒ ገዝቼ መጣሁ። ከሦስት ልጆች ጋር ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ለአንዷ ቀዳሁላት፤ ለሁለተኛው ቀዳሁለት፤ እርሱ ጋ ስደርስ ጀበናውን እንዳዘነበልሁ ዝም ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት። በልቤ እስከ አምስት ቆጠርሁ። አምስት ሰከንድ ለተናጋሪ ሰው እጅግ ረጅም ነው፤ ምላሴን ነክሼ ነው የታገሥሁት። ሲኒውን ዘረጋና “ቡ!” አለ። “ትክክል በል” አላልሁትም፤ “አዎ፣ ቡና! ቡና ልቅዳልህ” ብዬ ቀዳሁለት። በዚያ ቀን ስንት ሲኒ እንደጠጣ አልቆጠርሁም። በሳምንቱ “ቡ” የምትለዋ “ቡና” ሆነች፤ ወር ሳይሞላ “ቡና ቅጂ” አለኝ።

“ቅጂ” ማለቱን ስሰማ ያስደሰተኝ ሌላ ምክንያት ነበረ። አማርኛችን ብዙውን ሥራ የሚሠራው በግሱ ላይ ነው፤ ማን ለማን እንዳደረገ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ሁሉም እዚያው ተጠቅልሎ ይገኛል። ቀለምና ቁጥር ብቻ ያስጠናነው ልጅ ብዙ ስም ሊጠራ ይችላል፤ ጎረቤትም ያደንቅለታል፤ ውኃ ሲጠማው ግን “ስጪኝ” ማለት አይችልም። ስለዚህ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አሻንጉሊት ይዘን “ተኛ”፣ “ተኛች”፣ “ብላ”፣ “ብይ” እያልን መጫወት ጀመርን። መኪናውን ጣውላ አናት ላይ ይዤ “አንድ፣ ሁለት...” ብዬ አቆማለሁ፤ “ሂድ!” የሚለው እርሱ ነው። የሚወደውን ኳስ ክዳኑ የጠበቀ የፕላስቲክ ማሰሮ ውስጥ አስገብቼ እሰጠዋለሁ፤ “ክፈቺ” ይለኛል።

እናቱ ከደመወዟ ቆጥባ አንድ ነገር ልትገዛለት ፈልጋ ስትጠይቀኝ፣ ገንዘቡን ለሌላ እንድታውል ነግሬ፣ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ የእንጨት ማንኪያና ክዳን እንድታቀርብለት መከርኋት። ቆርቆሮውን ማታ ማታ አብረው እንደሚያበስሉበት፣ እርሷም አፏን ዘግታ ተራውን እንደምትጠብቅለት ነገረችኝ።

አሁን አራት ዓመት አልፎታል። ባለፈው ሳምንት ጀበናውን ራሱ ይዞ ለጓደኞቹ ሁሉ ቀዳና እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጀበናውን እንዳዘነበለ፣ ከንፈሬን እያየ፣ ምንም ሳይል ጠበቀኝ። “ቡና ቅዳልኝ” እስክል ድረስ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።