ዲፈረንሻል ከማስቀየራችሁ በፊት የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ

ምንም ያላጠፋው ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ክፍል) እስከዛሬ ጓሮዬ ውስጥ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ባለቤቴ ልብስ ልታሰጣ በወጣች ቁጥር በእግሯ ገፋ ታደርገውና ወደ እኔ ታያለች። አንድ ሰው «የመኪናህ ጉርምርምታ ከየት እንደሚመጣ ከኋላ ወንበር ሆነህ አዳምጥ» ብሎ ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ጓሮው ነጻ ነበር።

መኪናዬ ዲኤክስ ናት፤ የ1983 ስሪት ቶዮታ ኮሮላ፣ ጉልበቷ በኋላ ጎማ የሆነች። ድምፁ የጀመረው በፍጥነት መንገዱ አዳማ ስመላለስ ነው። 60 ላይ ስደርስ ከኋላ «እምምም» የሚል፣ ከሩቅ የሚሰማ የወፍጮ ቤት ዓይነት ድምፅ ይነሳል። 80 ላይ ሬዲዮ አያሰማም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ትክክል ነበር፣ እሱ ይያዝልኝ። የኋላ ኮፈኑን ባዶ አድርጌ ነዳሁ፤ አንዱ ኳኳታ በዚያው ቀረ፣ ክሪኩ ነበር። የኋላ ጎማዎችን ከፊቶቹ ጋር አቀያየርኩ፤ ጉርምርምታው ከኋላ ንቅንቅ አላለም፣ ስለዚህ የጎማ አይደለም። ፍሪሲዮን ስለቅ «ቋ» የሚል ነገር ስለሌለ ክሮቼራውንም (ጉልበት ወደ ኋላ የሚያደርሰውን ዘንግ መጋጠሚያ) ተውኩት። ለዚህ ሁሉ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በቂ ነው።

ከዚያ ጋራዥ ሄድኩ።

መካኒኩ ግቢ ውስጥ እንደቆመች ሞተሯን አስነስቶ አዳመጠ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየና «ዲፈረንሻል ነው» አለ። «ወጣ ብለን መንገድ ላይ ብትሰማውስ?» አልኩት። «ወንድሜ፣ ዲኤክስ አይደለች እንዴ? ምን መስማት ያስፈልገዋል!» በቆመ መኪና 60 ላይ የሚነሳ ድምፅ እንዴት እንደሰማ አልጠየቅሁትም። ዛሬም የሚያበሳጨኝ ከእሱ መልስ ይልቅ የእኔ ዝምታ ነው። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርጄ፣ ተከራክሬ፣ የወር ደመወዜን አፍስሼ ያገለገለ ዲፈረንሻል ይዤ ተመለስኩ።

አሁን የሚቀጥለውን በደንብ አንብቡልኝ። የዲኤክስ ዲፈረንሻል እንዲወጣ ሁለቱም የጎማ አክስሎች (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት ዘንጎች) መጎተት አለባቸው። አክስሉ ደግሞ ብቻውን አይወጣም፤ ኩሽኔታው (ዘንጉ በቀላሉ እንዲዞር የሚይዘው ባለ ኳስ የብረት ቀለበት) ላዩ ላይ ተጠቅጥቆ ስለተሰካ አብሮ ይመጣል። ረዳቱ የፍሬን ታምቡሮቹን ፈትቶ ሁለቱንም አክስሎች ጎተተና እግሬ ሥር ካርቶን ላይ አስተኛቸው። እኔ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። የግራው ኩሽኔታ ንጹሕ ነው። የቀኙ ጠርዝ ላይ ግን የቡና አተላ የመሰለ፣ ዝገት የተቀላቀለበት ቅባት ተፍቶ ደርቋል። አየሁት። «ይሄኛው ለምን እንዲህ ሆነ?» ብዬ በልቤ አሰብኩ። ከዚያ ሻዬን ጠጣሁ።

አንድ ጣት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው! ዘርግቶ ማዞር። መካኒኩም፣ ረዳቱም፣ እኔም ያንን ጣት አልዘረጋንም። አዲሱ ዲፈረንሻል ገባ፣ 90 ቁጥር ዘይት ተሞላ፣ የተበላው ኩሽኔታ ተመልሶ ቤቱ ገባ።

ማታ ቀለበት መንገድ ላይ ሞከርኳት። ድምፁ አለ። የሚነሳው ግን በ60 ፋንታ በ63 ነው። በነጋታው ይህንን ስነግረው መካኒኩ ፊቱ በራ፤ «አየህ፣ ተሻሽሏል! 500 ኪሎ ሜትር ንዳውና ይላመዳል» አለኝ። እኔም አመንኩ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ጓሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ የድሮውን ዲፈረንሻል የማርሽ ጥርስ ስቆጥር ነው። የድሮው 41 ለ10 ነው፣ ማለትም ትልቁ ማርሽ 41 ጥርስ፣ ትንሹ 10፤ ከገዛሁት ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ግን 43 ለ10 ይላል። የዲኤክስ የፍጥነት መቁጠሪያ የሚነዳው ከካምቢዮው (ከማርሽ መቀያየሪያው ሳጥን) ስለሆነ፣ ካምቢዮው ደግሞ አሁን ለአንድ የጎማ ዙር ከበፊቱ ይበልጥ ስለሚዞር፣ ጎማው በ60 ሲሄድ ዳሽቦርዱ 63 ይላል። የተሻሻለው ቁጥሩ ነበር። በዚያ ላይ ሞተሯ በየማርሹ ከበፊቱ ይልቅ ትጮህ ጀመር፤ ነዳጅም ጨመረች።

በዚያው ሰሞን ለቦሎ ምርመራ ወሰድኳት። ፍሬን ተለካ፣ መብራት ታየ፣ አለፈች። ለመርማሪው ከኋላ ድምፅ እንዳላት ብነግረው «እሱ አይመለከተንም» ብሎ ቀጣዩን መኪና ጠራ። ከዚያ ወዲህ መስታወቴ ላይ የተለጠፈውን ቦሎ እንደ ጤና ማስረጃ አልቆጥረውም።

ያዳነኝ የሰፈራችን የላዳ ታክሲ ሹፌር ነው። ላዳም ጉልበቷ በኋላ ነው፤ ሰውዬው ይህን ዜማ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማ ኖሯል። «ልጄ፣ አንተ ንዳ፣ እኔ ከኋላ ልቀመጥ» አለና እሑድ ማለዳ ወጣን። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ወደ ጎማው ጎን አስጠግቶ ያዝዘኛል፤ «ነዳጅ ስጣት። ልቀቅ። ፎሌ አድርጋት።» ድምፁ አልተለወጠም። «ዲፈረንሻል ቢሆን ነዳጅ ስትሰጥና ስትለቅ ዜማውን ይቀይር ነበር» አለ። (መንጃ ፈቃድ ስታወጡ በፎሌ፣ ማለትም ያለ ማርሽ፣ መንዳት ክልክል ነው ተብላችኋል። ልክ ነው፣ ቁልቁለት ላይ እብደት ነው። ባዶና ሜዳ መንገድ ላይ ለአሥር ሰከንድ ግን አድርጉት፤ ድምፁ ከሞተር መሆን አለመሆኑን ከዚህ የሚቀልል መለያ አላውቅም።)

«አሁን ቀስ ብለህ ወደ ግራ በላት።» ድምፁ ጎላ። «ወደ ቀኝ።» ጠፋ ማለት ይቻላል። «በቃ ተመለስ፣ የቀኝ ኩሽኔታ ነው።»

ወደ ግራ ስትታጠፉ የመኪናው ክብደት ቀኙ ጎማ ላይ ይወድቃል፤ የታመመው ኩሽኔታ ሲጫኑት ይጮሃል። አደባባይ እየዞርኩ እሞክረዋለሁ እንዳትሉ፤ እኛ አገር አደባባይ ሁሌም ወደ ግራ ስለሆነ የሚነግራችሁ የቀኙን ብቻ ነው። የሹፌር ወንበር ላይ ሆናችሁም አትፍረዱ። እኔ ለሁለት ወር ከግራ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ የቀኙን ጎማ አንስተን፣ ከክሪኩ በተጨማሪ ጠንካራ ድጋፍ አስገብተን (ክሪክ ብቻ አትመኑ)፣ በአንድ እጄ ሞላውን ይዤ በሌላው ጎማውን አዞርኩ። አሸዋ የሚፈጭ ነገር መዳፌ ውስጥ ገባ። በግራው ምንም የለም።

ጥገናው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አክስሉን ይዛችሁ፣ ኩሽኔታውን በግፊት የሚያወጣና የሚያስገባ ፕሬስ ያለው ቶርኖ ቤት ሂዱ፤ በመዶሻ የሚመታላችሁ ካገኛችሁ አክስሉን ነጥቃችሁ ውጡ። ዘይቱ እንዳያልፍ የሚይዘውን ኦይልሲል አብራችሁ ቀይሩ፣ አለበለዚያ የዲፈረንሻል ዘይት ፍሬን ሸራው ላይ ይወርዳል። ሁሉም «ሁለቱንም ጎን ቀይር» ይሏችኋል፤ እኔ ደህናውን አልነካሁም፣ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ዝም ብሏል። አዲሱ ኩሽኔታ የዲፈረንሻሉን ዋጋ አንድ አሥረኛ አልሞላም። የድሮውን ዲፈረንሻል መመለስ እንደገና ማስፈታት ስለሆነ እስካሁን አልደፈርኩም፤ ዳሽቦርዴ ይዋሻል፣ እኔ በልቤ እቀንሳለሁ።

የተነቀለውን ኩሽኔታ የሰፈር ልጆች ለጋሪ ይሆናቸዋል ብዬ በር ላይ ይዤ ወጣሁ። አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ተቀብሎኝ፣ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ አንዴ አዞረውና መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ተበልቷል።»