ስልኩን ስናቆመው

የኪሮሽ ትምህርቶቻችንን ከአግድም ወደ ቁም ቪዲዮ ስንቀይር ዋልን። ስልክ ማዞር ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በአግድም ሁለቱም እጆች ከነክሩ ይገባሉ፤ በቁሙ ቅርጽ (9:16) ግን ክር የያዘው እጅ ተቆርጦ ይቀራል፣ ጀማሪ ደግሞ በዋናነት ማየት የሚፈልገው እሱን ነው። ስልኩን ከጠረጴዛው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ቀጥታ ወደ ታች ማሰር፣ እጆችንም ማቀራረብ ይሻላል። ፎከሱን ቆልፉት፤ አለዚያ መርፌው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል።

ብልጭ ድርግም የሚለው ቪዲዮስ? የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ በ30 ፍሬም (ምስል) ሲቀረጽ አንዳንዱ አምፖል ይርገበገባል። 25 ፍሬምና 1/50 ሹተር (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት የሰከንድ ክፍልፋይ) ብዙውን ጊዜ ይገላግላል። ጥቁር ክር ግን እባካችሁ ይቅር! ቀዳዳው አይታይም። ነጣ ያለ ወፍራም ክርና 5 ሚሊ ሜትር መርፌ ይዛችሁ ቅረጹ።

አጭሩ ቪዲዮ አንድ ነገር ብቻ ያስተምር። ለምሳሌ ክብ አጀማመር፦ በመጀመሪያው ዙር 6 ቋጠሮ፣ በሁለተኛው 12፣ በሦስተኛው 18። ጠርዙ ከተጥመለመለ ጭማሪው በዝቷል፤ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከታጠፈ አንሷል።

ረጅሙን ቪዲዮ አትጣሉት። በሾርትስ (የዩቲዩብ አጫጭር ቪዲዮዎች) ገጽ የታየው ጊዜ ዩቲዩብ ለማስታወቂያ ገቢ ከሚጠይቀው 4,000 ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም። ሙሉውን ኮርስ በቴሌግራም የግል ቻናል የምትሸጡ ደግሞ ይዘት ማስቀመጥንና ማስተላለፍን የሚከለክለውን ማብሪያ ከመጀመሪያው ቀን አብሩት። በስልክ ዳታ ለሚከታተሉም በ720 ጥራት ጫኑላቸው።