ጋሻ በሌለበት አገር የተሠራ ሰይፍ

ሰይፍ አልሠራም። ጎንደር አራዳ አጠገብ ባለችው ሱቄ ከመኪና ባሌስትራ ማጭድ፣ ቢላ፣ ገጀራ፣ ሲታዘዝም ማረሻ እቀጠቅጣለሁ። የጃፓን ሰይፍ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እንቅልፍ ይነሳኛል። ማታ ሱቁን ዘግቼ ስገባ የሙዚየም ፎቶዎችን በስልኬ እያጎላሁ ስለቱ የት እንደሚጀምር፣ ጀርባው የት ላይ እንደሚሳሳ ስመለከት አመሻለሁ።

የሰፈሩ ልጆች ይህን ስለሚያውቁ ከጌም ያወጡትን ሥዕል ይዘው ይመጣሉ። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ይሠሩልኛል?» ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ፣ ወገቡ የተበሳ፣ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ሰይፍ ነው። እኔም ጥርሱ ምን ሊሠራ እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። የገባበት ይቀረቀራል፣ አፎቱን ይቦጫጭቃል፣ ብረቱም ሲመታ ከጥርሱ ሥር ይሰነጠቃል። እንግዳ ቅርጽ ግን እወዳለሁ። አብዝቼ የምወዳቸው የጃፓን ሰይፎች እንግዳ የሚባሉት ናቸው፤ ሠሪያቸው ለምን እንደዚያ እንዳደረጋቸው ብረቱን እያየሁ ልደርስበት ስለምችል።

ይህን ማየት የተማርኩት ከሾተል ነው። ሾተል ግማሽ ክብ ሊሆን ትንሽ የቀረው፣ በሁለቱም ወገን የተሳለ፣ አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን ሰይፍ ነው። ለማያውቀው ሰው የተበላሸ ሥራ ይመስለዋል። ከአፎቱ ለማውጣት ያስቸግራል፤ እጀታው የእጅ አንጓን የማይደግፍ ቁራጭ እንጨት ነው፤ የሌላ ሰው ሰይፍ ሲመጣበት መመከትም ይከብደዋል። ግን ፊት ለፊቱ የሚቆመውን ሰው አስቡት፤ በግራ እጁ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ክብ ጋሻ ይዟል። ቀጥ ያለ ሰይፍ ጋሻው ላይ ይቀራል። ሾተሉ ጋሻውን ዞሮ በጫፉ ከኋላ ይደርሳል። ባለ ሾተሉም የራሱን ጋሻ በግራው ስለሚይዝ ሰይፉን በቀኝ ጎኑ ነበር የሚታጠቀው። ያ ሁሉ ጉብጠት፣ ያ ሁሉ አለመመቸት፣ ጋሻን ለማለፍ የተከፈለ ዋጋ ነው።

ጃፓን ላይ ያ ጋሻ የለም። ሳሙራይ በእጁ ጋሻ አይዝም። ከቀስት ለመከለል መሬት ላይ የሚቆም የእንጨት ሰሌዳ ነበራቸው፤ ፈረሰኛው ደግሞ ከሁለቱ ትከሻዎቹ ላይ ሰፋፊ ሰሌዳዎችን ያንጠለጥልና የጋሻውን ሥራ ለእነሱ ይተዋል። ስለዚህ ሰይፉን በሁለት እጅ መጨበጥ ተቻለ፤ እጀታው ረዘመ፤ ስለቱም የሚዞረው ነገር ስላልነበረ ጉብጠቱ ለስላሳ ሆኖ ቀረ። የቀረው ጠላት የጦር ልብሱ ነው፤ የብብቱ፣ የአንገቱ፣ የጭኑ ክፍተት። እንግዳ የሚባሉትን የጃፓን ሰይፎች በዚህ ዓይን ስታዩአቸው አብዛኞቹ ይገቧችኋል።

ኮጋራሱ ማሩ የሚባለውን ሰይፍ እንውሰድ። አማኩኒ የሚባል ቀጥቃጭ እንደሠራው በአፈ ታሪክ ይነገራል፤ ታይራ የሚባል የተዋጊዎች ቤተሰብ ቅርስ ነበር፤ ዛሬ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ቤት ንብረት ነው። ብረቱ 63 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ከእጀታው እስከ ወገቡ እንደ ማንኛውም የጃፓን ሰይፍ አንድ አፍ ብቻ ነው ያለው፤ ከወገቡ አልፎ እስከ ጫፉ ግን ጀርባውም ተስሏል፤ ባለ ሁለት አፍ ሆኗል። በዚያ ላይ ረጋ ያለ ጉብጠት አለው። የጃፓን ሰይፍ ከቀጥታው ወደ ጎባጣው ሲሻገር መሀል መንገድ ላይ የተያዘ ይመስላል። ከታች ሲመቱበት ይቆርጣል፤ ከላይ ሲወጉበት በሁለት ወገን እየከፈተ ይገባል።

ይህን ሰይፍ እንደ ባለሙያ ሳየው የሚያስጨንቀኝ ጀርባው ነው። የሰይፍ ኃይል ያለው ጀርባው ላይ ነው፤ ጀርባውን ስትስለው ወገቡን ታሳሳዋለህ። ሠሪው ግን ከሥር ያለውን፣ ምት የሚቀበለውን ክፍል ወፍራም አድርጎ ትቶ የሳለው የላይኛውን ብቻ ነው። በሁለቱም ፊት ላይ ደግሞ መሀል ለመሀል ሸንተረር አስቀርቷል፤ የተወሰደው የጀርባ ውፍረት ወደ መሀል ተሰብስቧል ማለት ነው። ያን ሽግግር፣ ጀርባው ቀስ በቀስ ስለት የሚሆንበትን ቦታ፣ በሞረድ ለማውጣት ሞክሩት! በቢላ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ሸንተረሩ አንድ ጊዜ ከሸሸ መልሶ አይገኝም።

ረጃጅሞቹ ሌላ ዓለም ናቸው። ኦዳቺ ይባላሉ፤ በተለይ በ14ኛው መቶ ዘመን፣ ሁለት ቤተ መንግሥቶች እርስ በርስ ሲዋጉ በነበረበት ከ1336 እስከ 1392 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በዝተው ነበር። ብረቱ ብቻ ከ90 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ወገብ ላይ ታጥቀህ አትመዘውም፤ ወይ በትከሻ ይሸከሙታል ወይ አሽከር ይይዘዋል። በጣም የሚገርመኝ ተዋጊዎቹ ያደረጉት ነገር ነው። ረጅሙን ሰይፍ በእጀታው ብቻ መቆጣጠር ሲያቅታቸው የብረቱን የታችኛውን ክፍል በገመድ ወይም በቆዳ ጠቅልለው አንድ እጃቸውን እዚያ ላይ ማድረግ ጀመሩ። ቀጥቃጮቹም ይህን አይተው ብረቱን አሳጠሩ፣ እጀታውን አስረዘሙ፤ ናጋማኪ የሚባለው መሣሪያ መጣ። የእኔም ገበሬዎች የማጭዱን እጀታ በጨርቅ ጠቅልለው ሲመጡ ልብ ብዬ አያለሁ፤ የት ላይ እንደጠቀለሉት የሚቀጥለው ማጭድ ምን መሆን እንዳለበት ይነግረኛል።

ጦርነቱ መልኩን ሲለውጥ ከእነዚህ ረጃጅሞች ብዙዎቹ አጠሩ። የሚቆረጠው ከጫፉ አይደለም፤ የጫፉ ስለት ተቆርጦ አይተካማ። ከእጀታው ውስጥ ከሚገባው ጭራ ነው የሚያሳጥሩት፤ የሠሪው ስም የሚጻፈውም እዚያው ስለሆነ ስሙ አብሮ ይቆረጣል። ስንት ጎበዝ ቀጥቃጭ በዚህ መንገድ ስሙ ጠፍቷል!

ያልተነካ አለ። በኦካያማ ግዛት በኪቢትሱ መቅደስ የሚገኘው፣ የኦሳፉኔው ኖሪሚትሱ በ1446 እ.ኤ.አ. የሠራው ኦዳቺ፣ ከነጭራው 377 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ 14.5 ኪሎ ይመዝናል። ማንም ይዞት አልተዋጋም፤ ለመቅደሱ የተሰጠ መባ ነው። እኔ ግን የማስበው ስለ እሳቱ ነው። የጃፓን ቀጥቃጭ ሰይፉን ውሃ ውስጥ ከመንከሩ በፊት ሸክላ አፈር፣ የከሰል ዱቄትና የድንጋይ ዱቄት አደባልቆ ይቀባዋል፤ ጀርባው ላይ ወፍራም፣ ስለቱ ላይ ስስ አድርጎ። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀለም እስኪይዝ ድረስ ያግለዋል። ቀለሙን ለመለየት ቤቱን ያጨልማሉ፤ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ፤ በጠራራ ፀሐይ የጋለ ብረት ይዋሻል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ስለቱ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፣ መጠኑም በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ጀርባው ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ሰይፉ ወደ ኋላ የሚጎብጠውም ያኔ ነው። ባለሙያው የሚፈልገውን ጉብጠት ያወቀው ገና ብረቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። አንዳንዱ በዚህች ሰዓት ይሰነጠቅና የወራት ልፋት ይቀራል። እኔ የምሠራበት የባሌስትራ ብረት በውሃ ቢነከር ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ነው በዘይት የምነክረው። እንግዲህ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ ስለት ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አግሎ፣ ስንት ሰው በጉጠት ይዞት፣ በምን ያህል ገንዳ እንደነከሩት አስቡት። ከወናፍ አጠገብ ቆሞ ለሚያውቅ ሰው ያ ሰይፍ ከማንኛውም ድል ይበልጣል።

በናራ ግዛት፣ ተንሪ ከተማ፣ በኢሶኖካሚ መቅደስ ደግሞ ባለ ሰባት ቅርንጫፉ ሰይፍ አለ። 74.9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዋናው ብረት ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ቅርንጫፍ ወጥቶለታል፤ ላዩ ላይ በወርቅ የተለበጠ ጽሑፍ አለው። ብዙ ሊቃውንት በ369 እ.ኤ.አ. በኮሪያው የቤክጄ መንግሥት ተሠርቶ ለጃፓን ገዥ የተላከ ስጦታ ነው ይላሉ። መቁረጫ ሆኖ አልተሠራም፤ ጎንደሬ ቢያየው በጥምቀት ከታቦቱ ጋር ከሚወጡት መስቀሎች ጋር ነው የሚደምረው። ልጆቹ በጣም የሚወዱት ይህንኑ ነው፤ እኔም አልከለክላቸውም። የተሠራለትን ሥራ ሠርቷል።

ሌላም የምቀናበት ነገር አለ። የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ጎቶባ በ1198 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ከለቀቀ በኋላ የታወቁ ቀጥቃጮችን በወር ተራ ወደ ቤቱ እያስጠራ ያሠራ ነበር፤ ራሱም አብሯቸው ብረት ይሠራ እንደነበር ይተረካል። እዚህ እኛ ዘንድ ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ይባል ነበር። አባቴ ሙያውን የተማረው ከወለቃ ቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ነው፤ እነሱ ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት። የከተማው ሰው ማረሻውን ከእነሱ ይገዛል፣ ማዕድ ግን አይጋራቸውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ እናቴ ግን ከዚያ ስድሳ ዓመት አልፎም በገበያ ስድቡን ሰምታለች። ይህን ስጽፍ አሁንም ያናድደኛል።

እስከ ዛሬ በእጄ ባገላበጥኳቸው ሾተሎች ላይ የሠሪ ስም አላየሁም። የኖሪሚትሱ ስም ግን ከ1446 ጀምሮ ጭራው ላይ አለ። ስለዚህ ከዘንድሮ መኸር ጀምሮ በማጭዶቼ ጭራ ላይ፣ እጀታው ከመግባቱ በፊት፣ ስሜንና ዓመቱን በመብሻ እየመታሁ ነው። ከእንጨቱ ሥር ስለሚደበቅ ገዢዎቹ ምን ይረባል ይሉኛል። እጀታው ሲሰበርና ሌላ ሲያስገቡለት ያዩታል፤ ስለቱ ያለጊዜው ከዶለዶመም ማን ጋ መመለስ እንዳለባቸው ያውቃሉ።