የሞተር ሳይክሌን የፊት ፍሬን ራሴ ስፈታ

ጎንደር ውስጥ ዘወትር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ፣ አልፎ አልፎም ወደ ጎሐ ኮረብታ የምመላለስበት 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል አለኝ። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የፊት ፍሬኑ መያዝ ደከመ፤ ይባስ ብሎም ሞተሩን አጥፍቼ በእጄ ስገፋው ጎማው እንደ ልብ አልዞር አለኝ። አንድ ቀን የጎሐን ቁልቁለት ወርጄ ስቆም ከጎማው ጋር ከሚዞረው የፍሬን ዲስክ የሚወጣው ወላፈን እጅ አያስጠጋም ነበር። ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ አልቋል ብዬ ደመደምኩና አዲስ ገዝቼ ራሴ ልቀይረው ቆረጥኩ፤ ከዚያ በፊት ግን ካንዴላ ከመቀየር ያለፈ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ካሊፐሩን፣ ማለትም ሸራዎቹንና እነርሱን የሚገፉትን ፒስተኖች የያዘውን ክፍል፣ ያሰሩትን ሁለት ቡለኖች ፈታሁና በፍሬን ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ ቱቦውን እንዳይጎዳው በሽቦ አሰርኩት። ሸራዎቹን ሳወጣ በፒስተኖቹ በኩል ያለው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቀርቶት፣ ከማዶ ያለው ግን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበረው። ነገሩን ልብ ሳልለው አዲሱን ልገጥም ስል፣ በአንጋፋ መካኒክነታቸው ሰፈሩ የሚያውቃቸው ጎረቤቴ በአጥር በኩል አይተው «አንተ፣ ሸራው ምን አደረገህ? ፒኑን እየው እንጂ!» አሉኝ።

በእንዲህ ያለው ካሊፐር ፒስተኖቹ ያሉት በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ እነርሱ የቅርቡን ሸራ ዲስኩ ላይ ሲጫኑ ካሊፐሩ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራትቶ የማዶውን ሸራ ይስባል። ፒኖቹ ከተጣበቁ ግን ሥራው ሁሉ በአንዱ ሸራ ላይ ይወድቃል፤ የፍሬን እጀታው ከተለቀቀ በኋላም ሸራው ዲስኩን እየታከከ ይቆያል። የእኔ አንደኛው ፒን በጣቴ ስስበው ወጣ። ሁለተኛውን በፒንሳ እያዟዟርኩ ሩብ ሰዓት ታግዬ ሳወጣው፣ የውጭ የጎማ ሽፋኑ (ጎሚኒው) ተቀዶ ኖሮ የክረምቱ ጭቃና ዝገት አንድ ላይ ደርቀው እንደ ቅርፊት ሸፍነውታል። ዝገቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አስለቅቄ፣ ጎሚኒውን ቀይሬ፣ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግራሶ ቀባሁት። ተራ ግራሶ ጎማውን ስለሚያሳብጠው እዚህ ቦታ አይሆንም።

ለማጠቢያ በጣሳ ያቀረብኩትን ቤንዚንም ያስደፉኝ ጋሼ ናቸው። ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልሰው ስፕሪንግ ሳይሆን፣ ዙሪያውን ያቀፈው የጎማ ቀለበት ነው፤ እጀታው ሲጨበጥ ቀለበቱ ከፒስተኑ ጋር ወደ ፊት ይለጠጣል፣ ሲለቀቅም ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑን ትንሽ ይስበዋል። ቤንዚንና የሞተር ዘይት ይህን ጎማ ያሳብጡታል። ስለዚህ ፒስተኖቹን ለብ ባለ የሳሙና ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብኳቸው፤ ቆሻሻቸውን ይዘው ቢገፉ ኖሮ ቀለበቱን ይፍቁት ነበር።

ትልቁን ጥፋት የሠራሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሸራ እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ በእጀታው አጠገብ ባለው ዕቃ ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ያለ ምንም ፍሳሽ ይቀንሳል፤ እኔ ግን በቀነሰ ቁጥር እስከ አፉ ስሞላው ኖሬያለሁ። ለአዲሱ ሸራ ቦታ ላገኝ ፒስተኖቹን ስገፋ ዘይቱ ገንፍሎ በነዳጅ ታንከሩ ላይ ወረደ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ዘይቱ ወዲያው በብዙ ውሃ ቢታጠብ ይለቃል፣ እኔ ግን ያየሁት ሥራዬን ጨርሼ ቀና ስል ነው።

ዘይቱ ቡና መስሎ ስለነበር እግረ መንገዴን ቀየርኩት። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ ሲቆይ፣ እርጥበት ሲገባበት ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከፋርማሲ የገዛሁትን የጉሉኮስ ቱቦ በካሊፐሩ ላይ ካለው የአየር ማስተንፈሻ ቡለን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ዘረጋሁ፤ ታናሽ ወንድሜ እጀታውን ጨብጦ ይይዛል፣ እኔ በ8 ቁልፍ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ከዚያ «ልቀቅ» እለዋለሁ። አንዴ ቀድሞኝ ለቀቀና አየር ወደ ውስጥ ተሳበ፤ አረፋው በቱቦው ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ እንደ አዲስ ጀመርን።

ሁሉን ገጥሜ እጀታውን ብጨብጠው እስከ መሪው ድረስ ባዶውን መጣ። ለካ ፒስተኖቹ ገና ወደ ሸራው አልቀረቡም፤ ደጋግሜ ስጨብጠው ጠነከረ። ይህን ሳልሞክር ወደ አስፋልት ወጥቼ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ምን ይገጥመኝ እንደነበር ማሰብ አልወድም። በሰፈር ውስጥ በዝግታ እየነዳሁ ሃያ ጊዜ ያህል ፍሬን ያዝኩ፤ አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ድረስ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። በሳምንቱ ከጎሐ ወርጄ ሞተሩን አጠፋሁና ገፋሁት፤ ጎማው ሳይታከክ ዞረ።