ዕቃው መጥቶ ነበር

እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ላይ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የመኪና ዲለር (መኪና ሻጭ ድርጅት) ሰርቪስ ክፍል ደንበኛ ተቀባይ ሆኜ ከጀመርኩ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ደንበኛው የመኪናውን ችግር ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ፣ መካኒኩ ይሠራል፣ ሲያልቅ ደውዬ "መኪናዎ ደርሷል" እላለሁ። በዚያ ሰሞን ግን ቀኑን ሙሉ ከአፌ የማይጠፋው ሌላ ነገር ነበር፦ "ዕቃው አልደረሰም፤ ሲመጣ እንደውልልዎታለን።"

ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች፣ ማለትም በግጭት ጊዜ ተነፍተው ሰውን የሚከላከሉ የጨርቅ ከረጢቶች፣ የሚቀየሩበት ጊዜ ነበር። ያላወቀ ካለ ባጭሩ ልንገረው። ኤርባጉን በቅጽበት የሚነፋው አንድ ትንሽ የብረት ዕቃ አለ። በውስጡ በግጭት ጊዜ ተቀጣጥሎ ጋዝ የሚፈጥር ኬሚካል ይዟል። ታካታ የተጠቀመው አሞኒየም ናይትሬት ነበር። ይህ ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ይበላሻል። ከተበላሸ በኋላ ሲቀጣጠል ከሚገባው በላይ በፍጥነት ይነድዳል። ግፊቱ ብረቱን ያፈነዳዋል፤ ስብርባሪው ጨርቁን ቀዶ ፊትና አንገት ላይ ያርፋል። ሰው ወርዶ ኢንሹራንስ ተለዋውጦ ሊሄድ በሚችልበት ቀላል ግጭት የሞቱ አሉ። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያለ ዕቃ እንዲቀየር ታዟል። አምራቹ ጉድለት ያለባቸውን መኪናዎች ጠርቶ በነፃ ሲጠግን ሪኮል ይባላል፤ በአገሪቱ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ የመኪና ሪኮል የለም።

መለዋወጫው ለሁሉም እንደማይበቃ ግልጽ ነበር። እንደ ፍሎሪዳና ቴክሳስ ያሉ ሞቃትና እርጥበታማ ግዛቶች ቅድሚያ ይሰጣቸው ነበር። እኛ ጋ የሚመጣው ሰው ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ "እንደውልልዎታለን" የምንለው ውሸት አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነበር። እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስልሳ ዓመት ግድም የሚሆናቸው ሰው መጡ። ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ነው የሚሠሩት፤ የሌሊት ፈረቃቸውን ጨርሰው በቀጥታ መምጣታቸው ነበር። ገና እንዳዩኝ "ጤና ይስጥልኝ ልጄ፣ ሐበሻ ነሽ አይደል?" አሉኝ። ፊታቸው በራ። እኔም ደስ አለኝ። ከኪሳቸው አንድ ፖስታ አወጡ፤ የደኅንነት ሪኮል መሆኑን የሚናገር ቀይ ምልክት ያለበት። ደብዳቤው የተጻፈው በእሳቸው ስም አይደለም። መኪናዋ የ2005 ሞዴል ናት፤ ከአንድ ወንድማችን ነው የገዟት። ደብዳቤው ለሻጩ ደርሶት ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ሰጣቸው።

"ሦስተኛ መምጣቴ ነው" አሉኝ። "ሁለቱንም ጊዜ እንደውላለን ብላችሁኛል።"

ኮምፒዩተሩን አልከፈትኩም። ከኋላቸው ሰባት ሰው ተሰልፏል። በአማርኛ፣ በትሕትና፣ ጎንበስ ብዬ ያንኑ ደገምኩላቸው፦ "ጋሼ፣ ዕቃው አልደረሰም። ሲመጣ እንደውልልዎታለን።" በቋንቋቸው ስለነገርኳቸው ብቻ የረዳኋቸው መሰለኝ። እሳቸውም "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለው ደብዳቤውን አጥፈው ወጡ።

መነጽራቸውን ረስተውት ነበር። ይዤ ተከትዬ ሮጥኩ።

መኪናው ውስጥ ባለቤታቸው ነበሩ። ካፖርት ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። የፊቱ ወንበር ባዶ ነው። ሌላ የሚጫን ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ማንም የለም። "እትዬ፣ ምነው ከኋላ? ወደፊት አይመቾትም?" አልኳቸው።

የመለሱልኝ ጋሼ ናቸው። "ደብዳቤው መኪናው እስኪሠራ ድረስ ከሾፌሩ ጎን ሰው አይቀመጥ ይላል። ከሴፕቴምበር ጀምሮ እዚያ ነው የምትቀመጠው። በየቀኑ ንጋት ላይ ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ሥራዋ አደርሳታለሁ።"

እትዬ ፈገግ አሉና "እሱስ? የሱ ወንበር ደኅና ነው ወይ?" ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ስለዚያ መኪና ምንም አላየሁም ነበር። ከፊት መስታወቱ በስተግራ፣ ከታች በኩል ያለውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የመኪናውን መለያ፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ተመለስኩ። ሰልፉን ባልደረባዬ ያዘልኝ።

ሻንሲ ቁጥሩን አስገባሁ። ሪኮሉ የቀረው ለተሳፋሪው ወንበር ብቻ ነው። የሾፌሩ በኩል ቀደም ሲል ተቀይሯል፤ እፎይ አልኩ። ወደ ትእዛዙ ወረድኩ። ጋሼ መጀመሪያ የመጡ ቀን ዕቃው ታዟል። ዕቃው ኦክቶበር ላይ ደርሷል። የመለዋወጫ ክፍሉ ሁለት ጊዜ ደውሏል፤ የሚያነሳ አልተገኘም። ሠላሳ ቀን ሲሞላ ለሌላ መኪና ተሰጥቷል። ከሥር "ደንበኛው ሊገኝ አልቻለም" ተብሎ ተዘግቷል።

የተደወለበትን ስልክ አየሁት። የሻጩ የድሮ ስልክ ነው። ሻንሲው ሲገባ ኮምፒዩተሩ የቀድሞውን ባለቤት ስም ያመጣል፤ አዲሱን ስምና ስልክ መቀየር የተቀባዩ ሥራ ነው። አልተቀየረም።

አለቃዬ ጋ ሄድኩ። ክፉ ሰው አልነበረም። "እንደ አዲስ እዘዢላቸው፤ ወረፋ ይጠብቁ" አለኝ። ስንት ሰው እንደሚጠብቅ እኔም አውቃለሁ። ግን እኚህ ሰው ወረፋቸውን ጠብቀዋል። ወረፋቸው ደርሶ ነበር። የጣልነው እኛ ነን።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው የሚያውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። የሪኮል ሥራ የሚከፈለው ከአምራቹ ነው፤ ዲለሩ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ደንበኛ ከኪሱ ከሚከፍለው ያነሰ ነው። ስለዚህ ብሬክና ዘይት ለማስቀየር የመጣው ሰው ሳይታወቀን ቅድሚያ ያገኛል። ማንም እንዲህ አድርጉ ብሎ አላዘዘንም። ግን ይሆናል። ነፃ ሥራ የሚጠይቅ ሰው ቸርነት የሚለምን ይመስላል። ሪኮል ቸርነት አይደለም። አምራቹ ለሠራው ስህተት በሕግ ያለበት ዕዳ ነው።

ማታ ደወልኩላቸው። ስልኩን ከመጨበጤ በፊት ምን እንደምል ብዙ አሰብኩ። "ችግር ተፈጥሮ ነበር" ማለት ይቻላል። በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ እል ነበር መሰለኝ። በአማርኛ ግን አልወጣልኝም።

"ጋሼ፣ ዕቃው መጥቶ ነበር። በተሳሳተ ስልክ ደውለን ለሌላ ሰጠነው። እኔም ዛሬ ሳላይ ነው የመለስኩልዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "ስልኬን እኮ ሁለት ጊዜ ጽፌላችኋለሁ ልጄ" አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓቴ አብረን ቁጭ ብለን አምራቹ ኩባንያ የደንበኞች መስመር ላይ ደወልን። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዲለሩና አምራቹ አንድ አይደሉም። ዲለሩ ጋ ያልሆነልህን አምራቹ ጋ ደውለህ ጉዳዩ በቁጥር እንዲመዘገብ ማድረግ ትችላለህ። ያ ቁጥር ከተሰጠ በኋላ ነገሩ ማስታወሻ ላይ ተጽፎ የሚረሳ አይሆንም፤ ባለቤት ያገኛል። እኔ እያስተረጎምኩ ጋሼ የሄዱባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ተናገሩ። በትንሽ ደብተር ጽፈው ይዘዋቸው ነበር። የመጡበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንዳናገራቸው። ሴትየዋ ከወዲያ በኩል "ዕቃው ለምን ለሌላ ተሰጠ?" ስትል ጠየቀች። "የኛ ስህተት ነው" አልኩ። አለቃዬ በአጠገቤ እያለፈ ሰማኝ። ደስ አላለውም። ሥራዬን ግን አላጣሁም።

የጉዳይ ቁጥር ተሰጣቸው። ዕቃው እስኪመጣ ምትክ መኪና ተፈቀደላቸው። ይህም ቢሆን የተገኘው ስለተጠየቀ ነው፤ ማንም ቀድሞ አልነገራቸውም።

ከዚያ በኋላ ለሐበሻ ደንበኞች የምነግረው ነገር ረዘመ። መኪናውን ከኛ አልገዛሁትም ብላችሁ አትፈሩ፤ የዚያ መኪና ብራንድ ዲለር የሆነ ሁሉ ሪኮሉን የመሥራት ግዴታ አለበት። አሮጌ መኪና ስትገዙ ሻጩ ሪኮሉን ሳያሠራ ቢሸጥላችሁ የፌዴራል ሕግ አይከለክለውም፤ ስለዚህ ራሳችሁ ሻንሲውን የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ እዩ። በ1-888-327-4236 መደወልም ይቻላል። ዲለሩ እንቢ ካለም አቤት የሚባለው እዚያው ነው። ደብዳቤው የሚላከው መኪናው በተመዘገበበት አድራሻ ነው። ሐበሻ ደግሞ ቤት ይቀይራል፣ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ያስተላልፋል። ደብዳቤው በዚያ መሀል ይቀራል። "ዕቃው አልመጣም" ሲሏችሁ "መቼ ታዘዘ? በማን ስም? በየትኛው ስልክ?" በሉ። ስክሪኑን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም።

ዕቃው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ መጣ። ራሴ ደወልኩ፤ በትክክለኛው ስልክ። ጋሼና እትዬ አብረው መጡ። ምትክ መኪናውንም ሲነዱ እትዬ ከኋላ ነበሩ፤ ለምደውት ይሁን ፈርተው አልጠየቅኩም። ሥራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አልበለጠም። መካኒኩ አሮጌውን ዕቃ አውጥቶ በሣጥን አሸገው።

ቁልፉንና ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ጋሼ ሞተሩን አስነሱ። እትዬ ግን አልገቡም። "ወረቀቱን አንብቢልኝ" አሉኝ። ብርዱ ውስጥ ቆመን መስመር በመስመር አነበብኩላቸው። የሻንሲው ቁጥር። የተሳፋሪ በኩል ኤርባግ ዕቃ ተቀይሯል። የአዲሱ ዕቃ ቁጥር። የሚከፈል፦ 0 ዶላር።

"ስልኩስ?" አሉ።

የባለቤታቸውን ስልክ አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የፊቱን በር ከፍተው ገቡ።