ሦስተኛው ሲሊንደር

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሞተሩን አስነስቼ መሪውን ስይዘው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። መኪናዬን አውቃታለሁ፤ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ፣ ስትቆም ድምጿ እንኳ በደንብ አይሰማም። ዛሬ ግን ታነክሳለች። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ከዚያ ባዶ። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

ያ መብራት በርቶ ዝም ካለ ትንሽ ጊዜ አለ ማለት ነው። ብልጭ ድርግም ሲል ግን ነገሩ ይለያል። ከአራቱ ሲሊንደሮች፣ ማለትም ቤንዚን ከሚቃጠልባቸው የሞተሩ ክፍሎች፣ አንዱ ውስጥ የገባው ቤንዚን ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው እየወጣ ነው። እዚያ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ሲደርስ ይቃጠልና ኮንቨርተሩን ከውስጥ ያቀልጠዋል። ወዲያው አጠፋሁ። የምሄድበት ቦታ ነበረኝ፤ ቀረሁ።

ከዓመታት በፊት ቢሆን ሮጬ ዕቃ እገዛ ነበር። ያኔ መኪናዋ አልነሳ ስትለኝ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሳስረው ተነሳች። በሳምንቱ እንደገና እምቢ አለች። ለካ የኔጌቲቩ ገመድ ሌላኛው ጫፍ፣ ሞተሩ ላይ የሚታሰርበት ብሎን ላልቶ ኖሯል። አንድ ቁልፍና ሁለት ደቂቃ የሚበቃው ሥራ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል፤ ደህና ባትሪ ነው የጣልኩት። አባቴ ያን ቀን አጠገቤ ቆሞ «ልጄ፣ መጀመሪያ ጠይቃት። ከዚያ ፍታት» አለኝ።

ስለዚህ ዛሬ ጠየቅኳት። አራቱም ሲሊንደሮች ቢደክሙ ኖሮ የጋራቸውን ነገር እጠረጥር ነበር፤ የቤንዚን ፓምፑን፣ ፊልትሮውን፣ የአየር መግቢያውን። የሚያነክሰው አንድ ብቻ ሲሆን ግን ጥፋተኛው የዚያ ሲሊንደር የግሉ ነገር ነው። ብልጭታ የሚፈጥረው ካንዴላ፣ ለካንዴላው ኮረንቲ የሚልከው ቦቢና ወይም ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር። የሚብሰው ደግሞ ኮምፕሬሽን፣ የሲሊንደሩን ጭመቃ፣ ማጣት ነው። የብልሽት ኮድ ማንበቢያዬን ከመሪው ሥር ሰካሁ። ፒ 0303 አለ። የመጨረሻው ቁጥር ሲሊንደሩን ይናገራል፤ ሦስተኛው አይተኩስም።

ሞተሩ ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር 375 ጊዜ ይተኩሳል። በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል ማለት ነው። መሪው ላይ የሚሰማኝ ያ ባዶ ቦታ ይኸው ነው።

በባለ 10 ቁልፍ የሦስተኛውን ቦቢና ፈትቼ ከሁለተኛው ጋር አቀያየርኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም። ቦቢናውንና ካንዴላውን አንድ ላይ ባንቀሳቅስ ማን እንዳጠፋ አላውቅም። ኮዱን አጥፍቼ ለአጭር ጊዜ አስነሳሁ። ኮዱ ወደ 0302 ቢሄድ ጥፋቱ የቦቢናው ነው። አልሄደም፤ እዚያው 0303 ላይ ቀረ። ቦቢናው ነጻ ወጣ።

ቀጥሎ ካንዴላው ነው። ግን ሞተሩ ሞቋል፤ ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም ስለሆነ በሙቀቱ ካንዴላ ሲፈታ ጥርሱ ሊበላሽ ይችላል። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

መጠበቅን የተማርኩት ከአባቴ ክንድ ነው። ከክርኑ እስከ አንጓው የሚወርድ የቃጠሎ ጠባሳ አለው። የሞቀ ራዲያተር ክዳን ከፍቶ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ታፍኖ ስለሚቆይ ከ100 ዲግሪ በላይ እንኳ ሳይፈላ ይቀመጣል። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋል፤ ውሃው በአንድ ጊዜ ፈልቶ ይወጣል። ይህን የሚያነብ ሰው ካለ እባክህ፣ እባክሽ፣ ሞተር ሲግል አጥፍታችሁ ራቁ። ክዳኑ በባዶ እጅ ሊነካ የሚችል ያህል እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱት።

ቁጭ እንዳልኩ እህቴ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ቁልፉን ሳዞረው ቀጭቀጭቀጭ ብቻ ይላል።»

«የውስጥ መብራቱን አብሪና እንደገና አዙሪው።»

«ሊጠፋ ደረሰ።»

ደስ አለኝ። መብራቱ ደምቆ አንድ ጊዜ ብቻ ቋ ቢል ኖሮ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ እጠረጥር ነበር። ይህ ግን የኮረንቲ ማነስ ነው። ኮፈኑን ከፍታ የባትሪውን ጫፎች አየች፤ ነጭ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ይዟቸዋል። መጀመሪያ ኔጌቲቩን እንድትፈታ ነገርኳት። ፖዘቲቩን ቀድማ ብትፈታና የምትፈታበት ቁልፍ የመኪናውን ብረት ቢነካ ትልቅ ብልጭታ ይፈጥራል። ለብ ባለ ውሃ በቀለጠ ቤኪንግ ሶዳ አጥባ፣ በብሩሽ ፍቃ፣ አድርቃ መለሰች፤ ኔጌቲቩን በመጨረሻ። ተነሳ! የሰጠኋትን ቴስተር፣ የኮረንቲ መለኪያውን፣ ባትሪው ላይ እንድታደርግ ጠየቅኳት።

«14.2 ቮልት ይላል።»

«እንግዲያው ዲናሞው እየሞላ ነው። ሂጂ።»

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ካንዴላውን ከመፍታቴ በፊት ጉድጓዱን ነፋሁት፤ አሸዋ ወደ ሲሊንደሩ መግባት የለበትም። ጫፉ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ጥቀርሻም ዘይትም የለበትም። ደህና ይመስላል። ከአንደኛው ጋር አቀያየርኩት። አስነሳሁ፣ አነበብኩ። ፒ 0301።

ሄደ! ጥፋቱ ከካንዴላው ጋር ተጓዘ።

እስኪቀዘቅዝ እንደገና ጠብቄ ፈታሁት። በጨርቅ ወለወልኩትና ፀሐይ ላይ አዞርኩት። ነጩ ሸክላ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር አለ። ስንጥቅ ነው። ብልጭታው ጫፉ ላይ ያለውን ክፍተት ከመዝለል ይልቅ በዚያ ስንጥቅ ሾልኮ ወደ ብረቱ ይወርድ ነበር። ቀደም ሲል ጫፉን ብቻ ነበር ያየሁት፤ በዚያ ተነስቼ «ደህና ነው» ብል ኖሮ ኢንጀክተር ለማውጣት እነሳ ነበር።

አራቱንም ቀየርኩ፤ ዕድሜያቸው አንድ ነው። አዲሶቹን እያንዳንዳቸውን በጣቴ አስገብቼ አዞርኩ፤ በቁልፍ የተጀመረ ጥርስ ከተጣመመ ቴስታታው ተጎዳ ማለት ነው። ቁልፉን የተጠቀምኩት መጨረሻ ላይ ለማጥበቅ ብቻ ነው።

አስነሳሁ። መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ዝም ብሏል። መብራቱ ጠፍቷል። ከመኪናዋ ወርጄ ጭስ ማውጫዋ ጋ ጆሮዬን አዘንብዬ ረጅም ጊዜ አዳመጥኩ። አንድም አትዘልም።

የተሰነጠቀውን ካንዴላ አጥቤ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እህቴ ነገ ትመጣለች። መስመሩን በዓይኗ ታገኘው እንደሆነ ሳልነግራት አያለሁ።